ከማን ተላከ፣ ለማን ይመለስ? ከድረ ገጽ ስክሪፕት ለሚወጣ ኢሜይል የላኪና የመመለሻ አድራሻ አመራረጥ

ለአንድ የሥልጠና ማዕከል የምዝገባ ድረ ገጽ ሠርቼ አስረከብኩ። ተመዝጋቢው ፎርሙን ሲሞላ የማረጋገጫ ኢሜይል ይላክለታል። ሁለት ወር ያህል ምንም ቅሬታ አልሰማሁም። ኋላ ላይ የማዕከሉ ጸሐፊ ደውላ «ሰዎቹ ኢሜይል አልደረሰንም እያሉ ቢሮ ድረስ እየመጡ ነው፤ ምን ይሻላል?» አለችኝ። ሰርቨሩን ስፈትሽ፣ ማንም ከፍቶት በማያውቅ ሳጥን ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ የተመለሱ መልእክቶች ተከምረው አገኘሁ። ገሚሱ የአድራሻ ስህተት ነው፤ «ኮም» ማለት ሲገባው «ኮን» ብሎ የጻፈው ብዛቱ! ሌላውን ደግሞ የተቀባዩ ሰርቨር አልቀበልም ብሎ መልሶታል። እያንዳንዱ ተመላሽ ያልደረሰበትን ምክንያት ጽፎ ይዞ መጥቷል፤ የመጣው ግን ሰው ወደማያይበት ጓዳ ነበር።

ችግሩ የሚጀምረው አንድ ኢሜይል ሁለት የላኪ አድራሻ እንዳለው ካለማወቅ ነው። በወረቀት ደብዳቤ ብናየው ይቀላል። ፖስታው ላይ የላኪው የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይጻፋል፤ ውስጥ ያለው ደብዳቤ ደግሞ የራሱ አርማ፣ ስምና ፊርማ አለው። ተቀባዩ ሳይገኝ ሲቀር ፖስታ ቤቱ ደብዳቤውን ቀዶ ፊርማውን አያነብም፤ ፖስታው ላይ ወዳለው ቁጥር ይመልሰዋል። በ1982 (በአውሮፓ አቆጣጠር፤ ሌሎቹም ዓመቶች እንዲሁ) የወጣው የኢሜይል መላኪያ ደንብ ኤስኤምቲፒም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ተቀባዩ ስልኩ ላይ የሚያየው «ፍሮም» የደብዳቤው ላኪ ነው። ሰርቨሮቹ እርስ በርስ ሲነጋገሩ የሚለዋወጡት ሌላ አድራሻ ደግሞ አለ፤ እሱ የፖስታው ላኪ ነው፣ ያልደረሰ መልእክት፣ በሙያው ቋንቋ ባውንስ የምንለው፣ የሚመለሰውም ወደ እሱ ነው።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተመለሰ መልእክት ወደፈለግንበት እንዲመጣ «ሪተርን-ፓዝ» የሚል መስመር ከፍሮም ሥር እንጨምራለን። ይህ መስመር በላኪው የሚጻፍ አይደለም። መልእክቱን በመጨረሻ የሚረከበው ሰርቨር ከፖስታው ላይ ገልብጦ የሚለጥፈው ነው። ስክሪፕታችሁ (ኢሜይሉን የሚልከው የድረ ገጹ ኮድ) ቢጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ይጣላል ወይም ይተካል። እኔም በዚያ ድረ ገጽ ላይ ይህንኑ አድርጌ «ጨርሻለሁ» ብዬ ነበር የተኛሁት።

አማራጮቹን የምመዝንባቸው ነጥቦች

መጀመሪያ የማየው፣ የተመለሰው መልእክት ሰው ወይም ፕሮግራም በሚያየው ቦታ ማረፉን ነው። ይህ ካልተሟላ የቀረው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው የዶሜን (ከ@ በኋላ ያለው የአድራሻው ክፍል) መገጣጠም ነው፤ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ኤስፒኤፍ የተባለው ማጣሪያ «ይህ ሰርቨር በዚህ ዶሜን ስም እንዲልክ ተፈቅዶለታል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ፖስታው ላይ ያለውን አድራሻ ይዞ ነው። ዲኪም መልእክቱ ላይ የሚያርፍ ዲጂታል ፊርማ ነው። ዲማርክ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ማለፉ አይበቃውም፤ ያለፈው ዶሜን ሰው ከሚያየው የፍሮም ዶሜን ጋር አንድ እንዲሆን ይጠይቃል። ስለዚህ የመመለሻ አድራሻ ምርጫችሁ መልእክቱ ኢንቦክስ ወይም ስፓም መግባቱንም ይነካል። ጂሜይልና ያሁ ከየካቲት 2024 ጀምሮ ጅምላ ላኪዎችን ሦስቱንም አሟሉ ይላሉ። ጂሜይል ጅምላ የሚለው በቀን ወደ 5,000 መልእክት የሚደርሰውን ነው። ጥቂት የሚልከውም ቢሆን ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም ሊኖረው ግድ ነው።

ሦስተኛው ደህንነት ነው፤ ጎብኚ የሞላው ጽሑፍ ወደ ላኪ አድራሻ ውስጥ መግባት የለበትም። አራተኛው የትኛው ተቀባይ እንዳልደረሰው በትክክል መለየት መቻሉ ነው። የመጨረሻው አቅም ነው፤ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሰርቨር ፈቃድ፣ የዲኤንኤስ (የዶሜኑ መረጃ የሚመዘገብበት ሥርዓት) መዳረሻና የዶላር ካርድም ጭምር።

የደብዳቤው ላኪ፦ ፍሮም ላይ ምን ይጻፍ?

ይህ ውሳኔ አጭር ነው። በ«ያግኙን» ፎርም የመጣ መልእክት ላይ የጎብኚውን አድራሻ ፍሮም ማድረግ ትልቁ ስህተት ነው። ሰርቨራችሁ በያሁ ወይም በጂሜይል ስም የመላክ ፈቃድ የለውም። ያሁ ሚያዝያ 2014 ላይ በስሙ ከሌላ ሰርቨር የሚወጣ መልእክት ውድቅ እንዲሆን የዲማርክ መመሪያውን ሲያጠብቅ፣ እንዲህ የተሠሩ ፎርሞች በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። ፍሮም የራሳችሁ ይሁን፣ የጎብኚው አድራሻ «ሪፕላይ-ቱ» ላይ ይግባ። መልስ ስትሰጡ በቀጥታ ለሰውየው ይሄዳል።

«አትመልሱልኝ» የሚል ስም ያለው አድራሻም የተለመደ ነው። ሕጋዊ ነው፣ ይሠራል፤ እኔ ግን አልወደውም። ደረሰኝ የተላከለት ደንበኛ ጥያቄ ሲኖረው መጀመሪያ የሚጫነው «መልስ» የሚለውን ነው። ሰው የሚያነበው አድራሻ፣ ለምሳሌ ሽያጭ@ሱቃችን.ኮም፣ ሁልጊዜ ይሻላል። (አድራሻዎቹን በፊደላችን የጻፍኳቸው ለንባብ ነው፤ ስትሠሩ በላቲን ነው።)

ከአድራሻው ፊት የሚታየውን ስም በአማርኛ ማድረግ ትችላላችሁ፣ እንዲያውም ይመከራል። በቀጥታ ከጻፋችሁት ግን አንዳንዱ ተቀባይ ዘንድ የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ይደርሳል። በዩቲኤፍ-8 ኢንኮድ መደረግ አለበት፤ ፒኤችፒሜይለርን የመሰሉ ላይብረሪዎች (ኢሜይል ለመላክ አስቀድመው የተጻፉ ኮዶች) የፊደል ዓይነቱን ዩቲኤፍ-8 ካላችኋቸው ራሳቸው ያደርጉታል። የመመለሻ አድራሻው ግን ላቲን ብቻ ይሁን። ከ2012 ጀምሮ ላቲን ያልሆነ አድራሻ የሚፈቅድ ደንብ ቢኖርም፣ የማይደግፍ ሰርቨር ዛሬም አይጠፋም፤ ባውንስ ደግሞ ከየትኛውም ሰርቨር ሊመጣ ይችላል።

የፖስታው ላኪ፦ አምስት መንገዶች

*ምንም ሳይነኩ መተው።* የፒኤችፒ (ብዙ ድረ ገጾች የሚጻፉበት የፕሮግራም ቋንቋ) «ሜይል» ፈንክሽን ካልተነገረው በቀር ፖስታው ላይ የሚጽፈው ስክሪፕቱን የሚያስኬደውን የሰርቨር ተጠቃሚ ስምና የሰርቨሩን ስም ነው። በጋራ ሆስቲንግ ከሆነ የአካውንታችሁ ስም ከሆስቲንግ ኩባንያው ሰርቨር ስም ጋር ይሆናል። ተመላሹ ማንም ወደማያየው ሳጥን ይገባል፣ ዶሜኑም ከፍሮም ጋር አይገጥምም። የሰርቨሩ ስም በዲኤንኤስ የማይገኝ ከሆነ ደግሞ ብዙ ተቀባዮች ገና በር ላይ ይመልሱታል። በነባሪነት የሚመጣው ይህ መሆኑ ያሳዝናል።

*በአምስተኛው መለኪያ መንገር።* «ሜይል» ፈንክሽን አምስት መለኪያ (ፓራሜትር) ይቀበላል፤ አምስተኛው ሰርቨሩ ላይ ኢሜይል ለሚልከው ለሴንድሜይል ፕሮግራም በቀጥታ የሚተላለፍ ትእዛዝ ነው። እዚያ ላይ ሰረዝ፣ ቀጥሎ ትንሿ የላቲን ኤፍ፣ ከዚያ ያለ ክፍተት ባውንስ@ሱቃችን.ኮም ብትጽፉ የፖስታው ላኪ ይቀየራል። ወጪ የለውም፣ አንድ መስመር ነው፣ እንደ ሴንድሜይል ያሉት ፖስትፊክስና ኤግዚምም ይህን ትእዛዝ ያውቁታል። በሴንድሜይል ራሱ የዌብ ሰርቨሩ ተጠቃሚ ከታመኑት ዝርዝር ውስጥ ካልገባ መልእክቱ ላይ የማስጠንቀቂያ መስመር ይለጠፋል። ዊንዶውስ ላይ መለኪያው አይሠራም፤ እዚያ በፒኤችፒ ማዋቀሪያ ፋይል ያለው የላኪ ቅንብር ነው የሚሠራው።

አደጋውም እዚሁ ነው። ወደ ትእዛዝ መስመር የሚገባ ጽሑፍ ስለሆነ፣ ጎብኚ የሞላውን አድራሻ እዚህ ማስገባት ሰርቨራችሁን አሳልፎ መስጠት ነው። ታኅሣሥ 2016 ፒኤችፒሜይለር ላይ የተገኘው ከባድ ቀዳዳ ይኸው ነበር፤ የላኪ አድራሻ መስሎ የገባ ጽሑፍ ሰርቨሩ ላይ ኮድ እስከማስኬድ ይደርስ ነበር። በስሪት 5.2.18 ተደፈነ ተባለ፣ ማለፊያ መንገድ ተገኘለት፣ እንደገና በ5.2.20 ተጠገነ። ይህ ሁሉ መዘዝ የሚመጣው አድራሻው ከውጭ ሲገባ ነው፤ በእጃችሁ የጻፋችሁት ቋሚ አድራሻ ከሆነ የሚያሰጋ የለም።

*በሰርቨሩ ማዋቀሪያ ላይ መወሰን።* ይኸው የኤፍ ትእዛዝ በፒኤችፒ ማዋቀሪያ ፋይል የሴንድሜይል መንገድ ላይ ሊጻፍ ይችላል። የድሮ ኮድ የወረሰ ሰው የሚተርፈው በዚህ ነው፤ አርባ ቦታ የተበተነ የ«ሜይል» ጥሪ ከማሳደድ አንድ ቦታ ይነካል። ነገር ግን አንድ ሰርቨር ላይ አምስት የተለያዩ ድርጅቶች ድረ ገጽ ካለ፣ የአንዱ ዶሜን በሁሉም ፖስታ ላይ ይታተምና የአራቱን መገጣጠም ያበላሻል። ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ የተለየ የፒኤችፒ ፑል (ራሱን የቻለ የፒኤችፒ ማስኬጃ) ካላችሁ በየፑሉ መወሰን ይቻላል።

*በኤስኤምቲፒ ገብቶ መላክ።* ስክሪፕቱ በይለፍ ቃል ወደ አንድ የኢሜይል ሳጥን ገብቶ፣ በወደብ (ፖርት) 587 ወይም 465 ይልካል። ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህን ነው። ስህተት ሲኖር ወዲያው ለስክሪፕቱ ይነገረዋል፤ «ሜይል» ግን «ተቀብያለሁ» ብሎ ዝም ነው የሚለው። ላይብረሪዎቹ ሁለቱን ላኪዎች በግልጽ ይለያሉ። ፒኤችፒሜይለር «ሴንደር» የሚል ቦታ አለው፣ ኖድሜይለር «ኤንቨሎፕ» ይለዋል፣ በፓይተን ኤስኤምቲፒሊብ ደግሞ የመላኪያው የመጀመሪያ መለኪያ ፖስታው ነው። የፓይተን የድረ ገጽ ማዕቀፍ በሆነው ጃንጎ ላይ ትንሽ ያደናግራል፤ የላኪ አድራሻ ብላችሁ የሰጣችሁት ለፖስታው ይውላል፣ ሌላ ፍሮም ከፈለጋችሁ በሄደር (በመልእክቱ ራስጌ መስመር) ለብቻው ትጨምራላችሁ።

የሆስቲንጋችሁ ሰርቨር ግን ከገባችሁበት ሳጥን የተለየ የፖስታ ላኪ ላይፈቅድ ይችላል፤ አስቀድማችሁ ሞክሩ። ነፃ ጂሜይልን ለዚህ የሚጠቀምም አለ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብርቶ የመተግበሪያ ይለፍ ቃል ማውጣት ይጠይቃል፣ ልኩ በቀን 500 አካባቢ ነው፣ ፍሮም ላይ ያልተመዘገበ አድራሻ ብትጽፉም ጂሜይል በራሱ አድራሻ ይተካዋል። ተመላሹ ወደዚያው ጂሜይል ይመጣል፤ ይህ መልካም ነው። ደንበኛ በጂሜይል ስም ደረሰኝ ሲደርሰው ምን ያስባል የሚለው የእናንተ ፍርድ ነው።

*በላኪ አገልግሎት በኩል።* እንደ አማዞን ኤስኢኤስ ያሉ አገልግሎቶች ተመላሹን ራሳቸው ይቀበላሉ፤ ፖስታው ላይ የሚጻፈውም ካልቀየራችሁት የእነሱ ዶሜን ነው። ያልደረሰውን በዌብሁክ (ወደ ድረ ገጻችሁ በራሱ በሚላክ ጥሪ) ወይም በመሰል ማስታወቂያ ያሳውቋችኋል። ዲኪም በእናንተ ዶሜን ከተፈረመ ዲማርክ ያልፋል፤ ኤስፒኤፉም እንዲገጥም ከፈለጋችሁ አንድ ንዑስ ዶሜን፣ ለምሳሌ ተመላሽ.ሱቃችን.ኮም፣ ሰጥታችሁ በዲኤንኤስ ላይ የሚነግሯችሁን ትጽፋላችሁ። ዲማርክ በነባሪ ሁኔታው ንዑስ ዶሜንን እንደ እናቱ ዶሜን ይቆጥረዋል።

ዋጋው ለትልቅ ቁጥር ርካሽ ነው፤ ዲሲፕሊኑ ግን ጥብቅ ነው። ኤስኢኤስ ላይ የተመላሽ መጠን 5 በመቶ ሲደርስ አካውንቱ ክትትል ውስጥ ይገባል፣ 10 በመቶ ሲደርስ መላክ ሊታገድ ይችላል። የአድራሻ ዝርዝሩን ሳያጸዳ ወደዚህ የሚገባ ሰው በሳምንቱ ይወጣል። አገር ቤት ላለ ሰው ሌላው ማነቆ ክፍያው ነው፤ በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ይጠይቃል። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ሆኖ የማኅበር ድረ ገጽ ለሚያስተዳድር ሰው ይህ ጥያቄ ውስጥ አይገባም።

በላዩ የሚጨመር፦ ለእያንዳንዱ ተቀባይ የራሱ መመለሻ

ዳንኤል በርንስታይን በ1997 ያቀረበው ቨርፕ የተባለ ዘዴ አለ። ለእያንዳንዱ መልእክት የተለየ የመመለሻ አድራሻ ይሰጠዋል፦ ባውንስ+10482@ሱቃችን.ኮም። የተመለሰው ምንም ቢል፣ ቢዝረከረክም እንኳ፣ የመጣበት አድራሻ ራሱ የትኛው መልእክት እንደሆነ ይናገራል። ይህ ለምን ያስፈልጋል? ደንበኛው የድሮ አድራሻውን ወደ አዲስ እንዲያስተላልፍ አድርጎት ሊሆን ይችላል፤ አዲሱ ሲሞላ ተመላሹ የሚጠቅሰው እናንተ ዝርዝር ውስጥ የሌለ አድራሻ ነው። ያለ ቨርፕ ስትፈልጉ ትውላላችሁ። ሰው ቁጥር እየገመተ የውሸት ተመላሽ እንዳይልክ ከቁጥሩ ጋር አጭር ፊርማ ጨምሩ። ከ200 ተቀባይ በታች ለሆነ ሰው ግን ድካሙ አያዋጣም።

| አማራጭ | ተመላሹ የሚያርፍበት | ከፍሮም ጋር መገጣጠም | የሚጠይቀው | ድክመቱ |
|---|---|---|---|---|
| ሳይነኩ መተው | የሰርቨሩ የተረሳ ሳጥን | የለም | ምንም | ዕውር መላክ |
| አምስተኛ መለኪያ | የመረጣችሁት ሳጥን | አለ፣ ኤስፒኤፍ ካለ | ኮድ መንካት | የጎብኚ ጽሑፍ ከገባ አደገኛ |
| የሰርቨር ማዋቀሪያ | የመረጣችሁት ሳጥን | ለአንድ ዶሜን ብቻ | የአስተዳዳሪ ፈቃድ | ብዙ ድረ ገጽ ላለበት አይመችም |
| ኤስኤምቲፒ በራስ ዶሜን | የገባችሁበት ወይም የመረጣችሁት | አለ | ሳጥንና ላይብረሪ | የይለፍ ቃል ጥበቃ |
| ነፃ ጂሜይል | ያው ጂሜይል | አለ፣ በጂሜይል ስም | የመተግበሪያ ይለፍ ቃል | የቀን ገደብ፣ የራስ ስም የለም |
| ላኪ አገልግሎት | አገልግሎቱ፣ ከዚያ ዌብሁክ | በዲኪም ወይም በንዑስ ዶሜን | ዲኤንኤስ፣ የዶላር ካርድ | የተመላሽ ገደብ |

ለማን የቱ?

የ«ያግኙን» ፎርም ብቻ ያለው ድረ ገጽ ከሆነ፣ መልእክቱ የሚሄደው ለራሳችሁ ነው። በራሳችሁ ዶሜን ሳጥን በኤስኤምቲፒ ላኩ፣ ፍሮምም ፖስታውም ያው ሳጥን ይሁን፣ ሌላ አታወሳስቡ። ዎርድፕሬስ ላይ ከሆናችሁ ነባሪው ፍሮም «ዎርድፕሬስ» የሚል ስም ያለው፣ ምናልባትም የሌለ ሳጥን ስለሆነ ቀይሩት።

ደረሰኝ፣ የይለፍ ቃል ማደሻ፣ የቀጠሮ ማስታወሻ የሚልክ ሱቅ ወይም ክሊኒክ ከሆነ ሁለቱን አድራሻዎች ለዩ፤ ፍሮም ሰው የሚያነበው፣ ፖስታው ደግሞ ለተመላሽ ብቻ የተከፈተ። ያ ሳጥን ላይ ራስ-ሰር መልስ አትጫኑ። ተመላሾች ሆን ተብሎ ባዶ ላኪ ይዘው ነው የሚመጡት፣ ምልልሱ ማብቂያ እንዳያጣ፤ ስለዚህ «ባዶ ላኪ ያለውን ጣል» የሚል ማጣሪያም አታስቀምጡ። በሳምንት አንድ ቀን ከፍቶ የሚያይ ሰው ስሙ ይታወቅ፤ የሥልጠና ማዕከሉን ያስተካከልኩት በዚህ ነው፣ ጸሐፊዋ ሰኞ ሰኞ ከፍታ ለተሳሳተው ትደውላለች።

በሺህ ለሚቆጠሩ አባላት የሚልክ ወደ ላኪ አገልግሎት ይሂድ። መክፈል ካልቻለ በራሱ ሰርቨር ፖስትፊክስና ቨርፕ ያቁም። የደመና ሰርቨር የሚከራይ ግን አስቀድሞ ያጣራ፤ ጉግል ክላውድን ጨምሮ አንዳንዶቹ ሰርቨሮች ኢሜይል የሚለዋወጡበትን፣ ወደ ውጭ የሚወጣውን ወደብ 25 ዘግተውታል።

ተመላሹን በፕሮግራም የምታነቡ ከሆነ ውስጡ ያለውን የስህተት ኮድ ተመልከቱ። 5.1.1 ማለት እንዲህ ያለ ሳጥን የለም ነው፤ ወዲያው መላክ አቁሙ። 5.2.2 ሳጥኑ ሞልቷል፤ ጥቂት ጊዜ ስጡት። በ4 የሚጀምር ጊዜያዊ ነው። በ5.7 የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ የእናንተ ጥፋት ነው፤ ጂሜይል 5.7.26 ካላችሁ ኤስፒኤፋችሁን ወይም ዲኪማችሁን አስተካክሉ እንጂ ደንበኛውን ከዝርዝር አታውጡ። ይህን ሳይለዩ በአንድ ሌሊት ጥሩ ጥሩ ደንበኞቻቸውን ያጠፉ አይቻለሁ።

ሠርታችሁ ስትጨርሱ ሁለት ሙከራ አድርጉ። ለራሳችሁ ጂሜይል ልካችሁ የመልእክቱን ምንጭ ክፈቱና የሪተርን-ፓዝ መስመር ያሰባችሁትን አድራሻ መያዙን፣ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክም ማለፋቸውን እዩ። ቀጥሎ በዚያው ፎርም ሆን ብላችሁ በተሳሳተ የሳጥን ስም ተመዝገቡ። ተመላሹ በደቂቃዎች ውስጥ ባውንስ ሳጥኑ ውስጥ መግባት አለበት። ካልመጣ የሰርቨሩን የፖስታ ሎግ ክፈቱ፤ ጊዜያዊ ስህተት ሆኖ ወረፋ ውስጥ ካለ ፖስትፊክስ በነባሪው እስከ አምስት ቀን ይሞክራል፣ የሚመልስላችሁም ከዚያ በኋላ ነው።